የሃያ አምስት ቀን ምልክት

አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣

እርስዎና እትዬ ሰገነት እንደምን ከረማችሁ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከብርዱና ከታክሲ ግፊያው በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። ደብዳቤዎን የቡታጅራው መኪና ሾፌር፣ ከማሉ፣ አውቶቡስ ተራ አስጠርቶ ሰጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የትኛውን እንደማስቀድም ጨንቆኝ ነው።

አዎ፣ የጨረር ሕክምና ማሽኑን አየሁት። በአራት ገጽ የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ልሂድ።

ቡታጅራ ስድስት ዓመት ከእርስዎ ሥር ስሠራ የእኛ ራጅ ቁልፉን ስንጫን ይጮኻል፣ ስንለቅ ዝም ይላል። ስናጠፋው ይጠፋል፤ ሽርጣችንን ሰቅለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ይኼኛው ግን ጠፍቶ አያውቅም። ኮባልት የሚሉት ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ ነገር ትልቅ የእርሳስ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ሳያቋርጥ ጨረሩን ይረጫል። የእኛ ሥራ መስኮቱን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ታካሚው ብቻውን ይተኛል፣ ከባዱ በር ይዘጋል፣ እኛ ከወፍራሙ መስተዋት ጀርባ ቆመን ደቂቃ እንቆጥራለን። ምንም አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። ሰውየው ተነስቶ ጫማውን አድርጎ «አለቀ እንዴ?» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን እብጠቱ ሟሙቶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳላስበው «ቢስሚላህ» ብዬ ኖሮ፣ አሠልጣኛችን አቶ ዑራኤል ሰምተው «እኔም በየቀኑ በልቤ በስመ አብ እላለሁ፤ አትፈሪ» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል። እዚያ ፊልሙ ከተበላሸ «ድገሚው» ይሉኝ ነበር። እዚህ መድገም የለም። ጨረሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሳተ በሽታውን ትቶ ደህናውን ሰውነት ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምንማረው ማሽኑን ሳይሆን ምልክት ማድረግን ነው። ሰውየው ቆዳ ላይ ጂቪ በሚባለው ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት እንሰምራለን፤ በየቀኑ ያንኑ ምልክት ፈልገን እናነጣጥራለን።

ስለ አክስቴ ሃሊማ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጆሮዋ ሥር ያለው ነገር እንደ ሽንብራ ሳለ «የጥርስ ነው» አለች፤ አሁን እንቁላል አክሎ እንኳ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ገበያ ትውላለች። እናቴ ስትሞት በአራት ዓመቴ አንስታ ያሳደገችኝ እሷ መሆኗን ያውቃሉ። እዚህ ተቀምጬ እንደሷ ያሉትን በየቀኑ አያለሁ፤ የዘገዩትንም አያለሁ። ጋሼ፣ እኔ ስናገራት «አንቺ ደግሞ» ትለኛለች። እርስዎን ግን ትሰማለች። እባክዎን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሃፊዛ ሸረፋ


ቡታጅራ
ኅዳር 26 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ሃፊዛ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሰገነት ሳምልኝ ብላለች፤ አዲስ አበባ ያመነምናል የሚባል ወሬ ሰምታ ቆሎም ልካልሻለች፤ ከማሉ በመንገድ ካልጨረሰው ይደርስሻል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴ ለራሴ፣ አንዴ ለሰገነት። ጠፍቶ አያውቅም ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት። ሃያ ስምንት ዓመት በራጅ ሥራ አሳለፍኩ ልጄ፤ የሰው ጥላ ሳነሳ ኖርኩ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ በዚያው ብርሃን በሽታውን ልትመቺ ተማርሽ። ቅናት እንዳይመስልሽ። ትንሽ ቅናትም አለበት።

አክስትሽን በተመለከተ፣ አዎ እሺ ብላለች። እንዴት ብዬ እንዳሳመንኳት ትጠይቂኝ ይሆናል፤ እኔ አላሳመንኳትም። ሱቋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አንድ ነጋዴ ጆንያ በርበሬ አምጥቶ ሊሸጥላት ሲሟገት፣ ከላይ ያለውን ዞር ብላም አላየችው። ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ ከሥር አንድ ዛላ አወጣች፣ ቆረሰች፣ ቀመሰች፤ «ከላይ ማረቆ፣ ከታች ሻጋታ። ውሰድልኝ» አለችው። እኔም «ወይዘሮ ሃሊማ፣ እኛም የምንለው ይኼንኑ ነው። አንቺ ከላይ በሻሽ ሸፍነሽ ነው የምትሸጪልን» አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ ሻሿን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስምላኛለች። «የሚነካኝ የሃፊዛ እጅ ይሁን፤ ሌላ አላውቅም» ብላለች። እኔም ስለ አንቺ ማልኩ። ዕዳው ያንቺ ነው እንግዲህ።

ያንቺው ገብረእግዚአብሔር


አዲስ አበባ
የካቲት 10 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት፤ እትዬ ሰገነትንም። ስለ ቆሎው ምስጋናዬ ይድረስልኝ፤ ግማሹ ደርሶኛል።

በስልክ ደውለው ለሆስፒታሉ አስተዳዳሪ «ቁስሏስ?» ብለው የጠየቁት ደርሶኛል። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቆ ቁስሏ ድኗል። እብጠቱን አውጥተውታል፤ ግን ሥሩ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የቀረውን የሚጨርሰው ጨረር ነው። ሐኪሟ ሃያ አምስት ቀን አዘውላታል፤ ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር በየቀኑ። ደግመው ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ መሃል ላይ መቋረጥ የለበትም። ከተቋረጠ የቀረው ሥር ጉልበት አግኝቶ ይመለሳል፤ ያኔ እንደገና የሚቆረጥ ቦታ የለም።

ዛሬ ጀመርን። አቶ ዑራኤል «አክስትሽ ናት፤ ልሥራልሽ?» አሉኝ። ስለ መሐላዎ ነገርኳቸውና እኔ ሰመርኩ። አንድ ከጆሮዋ ፊት፣ አንድ ከመንጋጋዋ ሥር፣ አንድ አንገቷ ላይ። ልብሷን ይዤ ቀና ብዬ እያየሁት ያደግኩት ፊት ነው ጋሼ፤ ጂቪውን ስስልበት እንደ ካርታ ብቻ ነበር የማየው። በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ፊት እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ስንት ነገር ከአንድ ቆዳ ሥር ተጠጋግቶ እንደሚኖር ገርሞኝ ነው። ምራቅ የሚያመነጨው፣ የምትቀምስበት፣ የምትስቅበት፣ ሁሉም በሁለት ጣት መሃል።

ውሃ ምልክቱን እንዳያስለቅቅ ለሶላት ከሚታጠቡት ዉዱ ይልቅ በንጹህ አፈር የሚደረገውን ተየሙም እንድታደርግ ነግሬያታለሁ፤ ለታመመ ይፈቀዳል። እሺ ብላ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። መርካቶ ባሂራ ዘንድ ነው ያረፈችው፤ የአጎቴ ልጅ ናት። ሁሉም እንደታሰበው ከሄደ ከአረፋ ሦስት ቀን ቀድማ ትጨርሳለች። ለአረፋ አገሯ ገብታ ካላረደች ከበሽታው እንዳልዳነች ነው የምትቆጥረው።

ልጅዎ ሃፊዛ


አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ በመጻፌ ይቅርታ። ከማሉ ሊነሳ ነው።

አክስቴ ሐሙስም ዓርብም አልመጣችም። ባሂራ ቤት ብሄድ በማለዳ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተራ ሄዳለች አሉኝ። ለማንም ምክንያት አልተናገረችም። ባሂራ የምታውቀው ረቡዕ ከመስጊድ ስትመለስ በሳሙናና በሸካራ ጨርቅ ፊቷን ስትፈትግ እንደነበር ብቻ ነው።

ስድስት ቀን ነው የወሰደችው። አሥራ ዘጠኝ ይቀራታል።

ለአቶ ዑራኤል «ጉንፋን ይዟት ነው» ብዬ ዋሸሁ። በሕይወቴ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም። እዚያ ከሆነች ምን እንዳደረግኳት ይጠይቁልኝ። ምክንያቱም እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው።

ሃፊዛ


ቡታጅራ
የካቲት 23 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ሃፊዛ፣

እዚሁ አለች፤ በሕይወት አለች፤ በርበሬዋን እየሸጠች ነው። መጀመሪያ ይኼን ልንገርሽና ትንፋሽሽን ሰብስቢ።

ብቻዬን መሄዱ ደስ ስላላለኝ ሰገነትን ይዤ ሄድኩ። አክስትሽ ሰው ፊት አላነጋገረችኝም። በርጩማ አስጠግታልን፣ ደንበኞቿን አሰናብታ፣ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፍልሽ።

«ጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣ እርስዎን እንደ ወንድሜ ነው የማይዎት። ሃይማኖትዎንም ጠልቼ አላውቅም፤ ለደመራችሁ እንጨት ስትሰበስቡ የኔም እጅ አለበት። ግን አንዋር መስጊድ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ፣ ሻሼን ላስተካክል ገለጥ ሳደርግ አንዷ አየችኝ። ‹እኅቴ፣ መቼ ነው ክርስትና የተነሳሽው?› አለችኝ። የሰደበችኝ መስሎኝ ልጣላ ነበር። ካመመኝ ወዲህ አይቼው የማላውቀውን መስተዋት አቀበለችኝ። ወላሂ፣ ሦስት መስቀል። አንዱ ጉንጬ ላይ፣ አንዱ መንጋጋዬ ላይ፣ አንዱ አንገቴ ላይ። ሳምንት ሙሉ መስቀል ተሸክሜ ስሰግድ ኖሬያለሁ። የሳለችብኝም የእኅቴ ልጅ ናት።»

ልጄ፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። «እሱማ የመደመር ምልክት ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰገነት ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እንደምታውቂያት በሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ያንን የግንባሯን ንቅሳት ለሃሊማ አሳየቻት፤ የተምቤን ንቅሳት ነው፣ መስቀል።

«እኔን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የነቀሱኝ» አለቻት። «እወደዋለሁ፤ የኔ ነው። ያንቺ ግን ያንቺ አይደለም። በማጠብሽ አላጠፋሽም።»

ሃሊማ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የመደመር ምልክት ፊልም ላይ ሳደርግ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያ ምልክት በሌላ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንቺም ከኔው ነው የተማርሽው። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው፤ አስተማሪሽ ድርሻውን ይፈልጋል።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰገነት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ነቃሿ ሴትዮ ግንባሯ ላይ መጀመሪያ በጥላሸት ነጥብ ነጥብ ጣለች፤ መርፌውን የያዘችው ነጥቦቹን ልታገናኝ ነው። «ነጥቡ ላይ ብትተወው ማንም መስቀል አይለውም ነበር። የሃፊዛ ማሽን ነጥብ አይበቃውም?» አለችኝ። እስቲ አንቺ መልሺላት።

ሃሊማ እመለሳለሁም አልመለስምም አላለችም።

ገብረእግዚአብሔር


አዲስ አበባ
የካቲት 26 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ተራ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ ሦስት መስቀል በገዛ እጄ አክስቴ ፊት ላይ ስዬ፣ አልታየኝም። ስስለው ጠርዝና መሃል ነበር የማስበው፣ ስለ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር የምጨነቀው። ተምሬ ተምሬ እሷ የምታየው እስኪጠፋኝ ተማርኩ።

ወደ አቶ ዑራኤል ሄጄ ውሸቴንም ጭምር ነገርኳቸው። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ስንት ሰው ይሆን እንዲህ ብሎ የቀረብን? እኛ ‹አቋርጦ ጠፋ› እያልን መዝገብ ዘጋን» አሉና ተነስተው መብራቱን አበሩት። ማሽኑ ለማነጣጠሪያ በሚያበራው መብራት መሃል ሁለት ቀጭን ክሮች ይሻገራሉ፤ እኛ የምንስለው የነሱን ጥላ ነው። መስቀሉን የሚፈልገው ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ የሚፈልገው መሃሉን፣ ደግሞም ሰውየው ያልተጠማዘዘ መሆኑን ማወቅ ነው። ሁለታችን ምሳችንን ትተን ሞከርነው። አንድ ነጥብ አይበቃም፣ ሁለትም ይስታል። ሦስት በአንድ መስመር፣ ሁለት ደግሞ ጥግ ላይ ከሆኑ አይስቱም። አምስት ነጥብ። ለእትዬ ሰገነት ነጥብ ይበቃዋል ይበሉልኝ። አቶ ዑራኤል ማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ፤ የራጅ ባለሙያ ሚስት ናቸው አልኳቸው።

የውሃው ነገር ቀረ። እሱን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ክንዴ ላይ አምስት የሂና ነጥብ አደረግኩ፤ ንጹህ ቅጠሉን ብቻ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። ሁለት ቀን ሙሉ ለየሶላቱ ዉዱ አደረግኩበት፣ በሳሙናም ፈተግኩት። አለ። ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ ውሃን አይከለክልም፣ ውሃም አያስለቅቀውም። ሐኪሟም ክንዴን ገልብጠው ዓይተው ፈቀዱ። ስለዚህ ተየሙም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ እንደ ልቧ ትታጠብ።

ደግሞ ማንበብ ስለማትችል ይኼን ቃል በቃል ያንብቡላት።

«አክስቴ፣ ሳልጠይቅሽ ፊትሽ ላይ ሳልኩ። ምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ዝም ብለሽ እንድትሸከሚው አደረግኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምንም ነገር ሳትጠይቂኝ አድርገሽብኝ አታውቂም፤ ጸጉሬን ስትሠሪ እንኳ ‹ያማል ወይ?› ትይኝ ነበር። አፉ በይኝ። መስተዋቱን አንቺ ትይዢና፣ አንድ በአንድ እያየሽ ነጥቡን እኔ አደርጋለሁ። ካልወደድሽው አይደረግም። ግን ነይ። ሰኞ ካልመጣሽ ሐኪምሽ ሊቀጥሉት እንደማይችሉ ነግረውኛል። እኔ አንቺን መቅበር አልችልም።»

የመጨረሻዋን ሲያነቡ እርስዎም ድምፅዎን አያሳንሱ።

ሃፊዛ


ወልቂጤ
መጋቢት 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ሃፊዛ፣

ከወልቂጤ ስጽፍልሽ ደነገጥሽ? ለሥራ ነው፤ ያንቺው ሥራ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ ያልሽኝን ለሰገነት አነበብኩላት፤ «አውቄው ነበር» አለች። ዋሸች፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ስትጸልይ ነበር።

በጣዕሙ ነገር ብዙ አትጨነቂ፤ ጨረሩ ምራቅ አፍኖባት ምላሷ ምንም አይለይም፤ በርበሬ ጤፍ ሆነብኝ ማለቷን ስሰማ እኔም አዘንኩ። በርበሬ ካልቀመሰች ምን ትሸጣለች ያልሽው ልክ ነው። ሐኪሙ ከወራት በኋላ ይመለሳል ካለ ግን ይመለሳል፤ ባይመለስ አፍንጫ አላት። የሃሊማን አፍንጫ ማንም ነጋዴ አይሸውደውም።

አሁን ወደ ወልቂጤ። የሥልጠና ጊዜሽ ስድስት ወር ይራዘም ብዬ ወደ ዞኑ ጤና መምሪያ በእጄ ማመልከቻ ይዤ መጣሁ። አንድ ወጣት ኃላፊ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወረቀቱን አገላብጦ «አባባ፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ማሽን የለንም። በቅርቡም አይመጣም። ማሽን ሳይኖር ባለሙያ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም በመንገድ ላይ ራሴን ስጠይቀው ነበር።

ስለ አምስቱ ነጥብ ነገርኩት። ከሥር ከመሠረቱ፣ መስቀሉን፣ መስጊዱን፣ ሂናውን። ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም ጽሕፈታቸውን አቁመው ሰሙኝ። «ማሽኑ አዲስ አበባ ነው፤ በሽተኛው ግን የኛው ነው» አልኩት። «እዚህ ሆኖ የሚያውቀው፣ አብሮት የሚናገር፣ መቼ እንደሚፈራ የሚገባው ሰው ከሌለ ማሽኑ ባዶ አልጋ ነው የሚያበራው።» ልጁ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ እናቱ ጉንችሬ እንደምትኖር፣ እሷም የሆነ ነገር እንደምትደብቅ ነገረኝ። ፈረመልኝ። ሲሸኘኝ ደግሞ «ልጅቱ ስትመለስ ስሟን ይስጡኝ» አለኝ።

ስድስት ወር አለሽ። አታባክኚው።

ገብረእግዚአብሔር


አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር፣

አይ፣ አልሄደችም። እርስዎም እንደኔ ፈርተው ነበር ማለት ነው።

አረፋ ቅዳሜ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ መርካቶ ባዶ ሆነ፤ የኛ አገር ሰው ሱቁን እየቆለፈ፣ በግና ኩንታሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እየጫነ ሄደ። ባሂራም ልጆቿን ይዛ ሄደች። ዓርብ ጨረሩን ወስዳ ስትወጣ «ዛሬ ማታ ቡታጅራ ገብተሽ እሁድ ብትመለሺስ?» አልኳት፤ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ነው። «ሃፊዛ፣ እኔን አታውቂኝም? ቤቴን ካየሁ አልመለስም» አለችኝ። በዚያ ባዶ ግቢ ሁለታችን ብቻችንን አረፋን ዋልን። ሥጋ ገዛሁ፤ እሷ አልጣማትም፣ እኔም ከእሷ ጋር አልጣመኝም። ከዚህ በፊት አረፋን ከአገሯ ውጭ ውላ አታውቅም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ያስለቀሳት ሕመሙ ሳይሆን ይኼ ነው።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ከፈለግኩ ቆየሁ፤ እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። ስትተኛ አትንቀሳቀስም። ሰው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ያስለዋል፣ ይውጣል፣ ያሳክከዋል። እሷ በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሜ አያታለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የማይታየው ነገር በአምስቱ ነጥብ መሃል በቀጥታ ይገባል፤ እሷም እያወቀች ትቀበለዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ይኼን ሥራ ከዚህ በኋላ ብሠራው ብሠራው የምለምደው አይመስለኝም፤ ባልለምደውም ደስ ይለኛል።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ አዲስ የመጡትን እሷ ሆናለች የምታስረዳቸው። ሻሿን ገልጣ ነጥቧን ታሳያለች። ባለፈው ሳምንት ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት ነጥቡን ዓይተው «ለኔስ መስቀሉን ተዉልኝ» አሉ፤ ተውንላቸው። አቶ ዑራኤል ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ምልክት ሳይደረግለት በፊት ከኔ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ እንዲነጋገር ወስነዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ወንበርም ሰጥተውኛል።

አራት ቀን ይቀራታል።

ልጅዎ ሃፊዛ


ቡታጅራ
ሚያዝያ 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ሃፊዛ፣

ሃሊማ እንዴት እንደገባች ከማሉ አውርቶልሽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አያውቅም።

በገበያ ቀን ሱቋን ከፈተች። ሴቶቹ ተሰብስበው «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ነበር ያመመሽ?» አሏት። እኛ አገር መልሱ የታወቀ ነው፤ «ትንሽ አሞኝ» ይባልና ይታለፋል። እሷ ሻሿን አውልቃ ጠባሳዋን አሳየችና «ነቀርሳ ነው። ሁለት ዓመት ደበቅኩት፤ ልሞት ነበር» አለች። ነቀርሳ የሚለውን ቃል በቡታጅራ ገበያ መሃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ከዚህ በፊት አልሰማሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን እንተርታለን፤ ተርተን ተርተን እንደብቃለን። በዚያው ሳምንት ሦስት ሴቶች ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ዘይባ የምትባለዋ እጄን ይዛ «ሃሊማ ናት የላከችኝ» አለችኝ።

እኔም ሃያ ስምንት ዓመት ያልቻልኩትን አንዲት የበርበሬ ነጋዴ በአንድ ቀን ስትችለው ዓይቼ ተደነቅኩ፤ ለሰገነትም ደጋግሜ አወራሁላት። እሷ ነጠላዋን ደረቷ ላይ እያጣፋች ሰማችኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሃሊማ ቤቴ ነበረች። ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሰገነት እጅ በሃሊማ እጅ ውስጥ ነው። ሃሊማ በገዛ ቤቴ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ሰገነት እብጠት ከወጣባት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል ልጄ። ግራ ጡቷ ላይ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩ፤ ጮህኩ ስልሽ እውነቴን ነው። «ቀን ሙሉ የሰው በሽታ ስታይ ትውላለህ። ቤትህ ስትገባ እንኳ እረፍ ብዬ ነው» አለችኝ። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። የመስቃንን ሰው ሁሉ አጥንት አየሁ፤ ከጎኔ የምትተኛውን አላየሁም።

አልቅሰን ጨርሰናል። እዚህ ሐኪሙ መርምሯት ለቀዶ ጥገና ወረቀቷን ጽፎላታል፤ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንመጣለን፤ ሃሊማም አብራን ትመጣለች፤ እንቢ ብላት አልሰማችኝም። ከሐኪሙ ወረቀት ጋር የራሴንም አያይዤ ልኬያለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የመሸኛ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም ለሐኪም ነበር።

ለወ/ሪት ሃፊዛ ሸረፋ
የጨረር ሕክምና ባለሙያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ታካሚ ስለመላክ

ወ/ሮ ሰገነት ሐጎስ፣ ዕድሜ 48፣ የግራ ጡት እብጠት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጨረር የሚታዘዝላት ከሆነ ምልክቱን እርስዎ እንዲያደርጉላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ታካሚዋ በሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ሲያማት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ስለዚህ ደግመው ይጠይቋት። ከዚህ በላይ ስለ እሷ አውቃለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ።

አክባሪዎ
ገብረእግዚአብሔር ወልዱ
የራጅ ቴክኒሺያን፣ ቡታጅራ